ሲወድቅ የማያፈስ ጣሳ

ስበት ተሸንፏል የሚል ሰው ካለ ከአባቴ ማማ ላይ ይዝለልና ያሳየኝ። እኔ ከታች ቆሜ አጨበጭብለታለሁ። ዛሬ ይህን እየሳቅሁ እናገረዋለሁ፤ በ1973 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መርሳ ውስጥ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ስበት አልተሸነፈም ስል ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ሁሪያ አብዱሰመድ እባላለሁ፤ ከመርሳ በእግር የምትደረስ የግራና ልጅ ነኝ። አባቴ ማሽላ ዘርተው፣ ማሽላ ጠብቀው፣ ማሽላ አጭደው የኖሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ማሳ ተነስቼ፣ ወልድያ ከጓደኛዬ ከደብሪቱ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ እየተሸከምሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስሁ። የማትሪክ ውጤት ሲመጣ ፊዚክስ ላይ ኤ አገኘሁ። ሶቪየት ኅብረት ሄደው እንዲማሩ ከታጩት ልጆች ውስጥም ስሜ ገባ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ከትውልድ ቦታዬ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ። "የአብዮቱ ደጋፊ ናት፣ ጠባይዋም መልካም ነው" የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት አንዲት ወረቀት። ያቺ ወረቀት ከሌለች ኤዬን ታቅፌ ወፍ መጠበቅ ነው።

ወረቀቷ ያለችው በጓድ አያሌው እጅ ነበር። ጓድ አያሌው መርሳ የተመደበ ወጣት ካድሬ ነው። ክፉ ነበር አልልም፤ የእሱ በሽታ ሌላ ነው። የማያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ ከተናገረው የሚያውቀው ይመስለዋል። የአዳራሹ ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነ የገዛ ድምፁ ተመልሶ ይመጣለታል፤ እሱም የሕዝብ ድጋፍ ነው ብሎ ይወስደዋል።

በዚያ ሚያዝያ የሶቪየት ሰው ጠፈር ከወጣ ልክ ሃያ ዓመት ሞላ። ጓድ አያሌው በዓሉ መርሳ ላይ ይከበር አለ። ዓርብ ዕለት አስጠርቶኝ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝ።

"እሑድ የምታነቢው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ሴት፣ የአርሶ አደር ልጅ፣ ያውም የሳይንስ ሰው! አንብበሽ ስትጨርሺ ደብዳቤሽን እዚያው መድረክ ላይ፣ በሕዝብ ፊት እሰጥሻለሁ። ሰኞ ወልድያ ወስደሽ ታስረክቢያለሽ።"

ሰኞ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከደስታዬ የተነሳ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝ። ውጭ ወጥቼ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ቆሜ ወረቀቱን አነበብሁት። ወደ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "በጠፈር ላይ የመሬት ስበት የለም። ታላቁ የሶቪየት ሳይንስ ስበትን ድል ስለመታው የጠፈር ጀግኖች በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ።"

ደሜ ፈላ። ሶቪየቶቹ ራሳቸው ቢሰሙት ያፍሩበታል። ስበት ከሌለ ያ መንኮራኩር ምድርን ለምን ይዞራል? ቀጥ ብሎ ሄዶ አይቀርም ነበር? ጨረቃንስ የያዛት ማን ነው? የመርሳ ቀበሌ?

ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት ቢሆን ምናልባት እተወው ነበር። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ማሽላ እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። ያኔ አባቴ ማሳው መሀል በአራት ረጃጅም እንጨት ላይ ማማ ይሠራሉ፤ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ እዚያ ላይ ቆመው ወፉን በወንጭፍ ያባርራሉ። ለሶላት ከማማው ወርደው፣ ውዱእ አድርገው እስኪመለሱ ግሪሳው የአንድ ሳምንት ቀለብ ይጨርሳል። ስለዚህ መላ ዘየዱ። የዘይት ጣሳ ቂጡን በምስማር በሱ፤ ቀዳዳውን በወይራ ስንጥር ወተፉ፤ ጣሳውን ውሃ ሞልተው ከማማው ጣራ ላይ በገመድ አንጠለጠሉት። ሰዓቱ ሲደርስ ስንጥሯን ይነቅላሉ፣ በቀጭኗ ውሃ ይተጣጠባሉ፣ መልሰው ይወትፋሉ። ዓይናቸው ከማሽላው ላይ አይነሳም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄድሁ። ስንጥሯን ነቅለው እጃቸውን ሲዘረጉ ገመዱ ተበጠሰ። ጣሳው የማማውን ጠርዝ አልፎ ወደ እኔ ወረደ። ራሴን መከለል ሲገባኝ ጣሳውን አየሁት። ተንጠልጥሎ ሳለ እንደ ክር ይወርድ የነበረው ውሃ፣ ጣሳው መውደቅ ሲጀምር ቀጥ አለ። ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ውሃውም ውስጡ አለ፤ ግን አይፈስም። መሬት ሲመታ ተፈጠፈጠና ቀሚሴን አራሰው።

"አባዬ፣ ውሃው ቆመ!" አልሁ።

"አልመታሽም ወይ?" አሉ ከላይ።

"ሲወድቅ አያፈስም!"

"ኧረ አልመታሽም ወይ ነው የምልሽ!"

ያን ቀን ጣሳውን እየሞላሁ ደጋግሜ ጣልሁት። ውሃ አባከንሽ ብለው ተቆጡኝ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ "እስቲ አንዴ ድገሚው" አሉኝ። ምክንያቱን ግን ሁለታችንም አላወቅነውም። ከዓመታት በኋላ ወልድያ ላይ የፊዚክስ አስተማሪዬ መምህር ይርጋ ክፍል ውስጥ አስረዱን። ጣሳውም ውሃውም እኩል ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም፤ ያልተጫነ ውሃ ደግሞ በቀዳዳ አይወጣም። መንኮራኩር ውስጥ ያለ ሰውም እንደዚያው ነው፤ የሚንሳፈፈው ስበት ስለሌለ ሳይሆን እሱም መንኮራኩሩም አብረው ስለሚወድቁ ነው አሉን። ያን ዕለት ከወንበሬ ተነስቼ ልጮህ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት በአውቶቡስ ወልድያ ወጣሁና ወረቀቱን ለመምህር ይርጋ አሳየኋቸው። መምህር ይርጋ ቀደም ባሉት ዓመታት ስምንት ወር ታስረው የተፈቱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከማስተማር በቀር ለምንም ነገር ድምፃቸውን አያነሱም። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስህተት ነው። ልክ ነሽ" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አንብቢዋ! አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ልጄ። አንቺ ስላነበብሽ ስበት ቅር አይለውም። ሂጂ፣ ተማሪ፣ ተመልሰሽ መጥተሽ ታርሚዋለሽ።"

አልፈረድሁባቸውም፤ ዛሬም አልፈርድም። ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከፍቅርም ነው የተናገሩት። ነገር ግን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሐሳብ ይከነክነኝ ጀመር። ጓድ አያሌው የጻፈውን የጻፈው ሳያውቅ ነው። እኔ ካነበብሁት ግን እያወቅሁ ነው። ደግሞስ የምሄደው ይህንኑ ነገር ልማር አይደል? ልማረው ብዬ አስቀድሜ ልካደው?

ቤት ስደርስ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። ታናሽ ወንድማቸው ጀብሪል በ1970 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ በማግስቱ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሲጨበጨብ ያጨበጭባሉ፤ ሲበተን ይወጣሉ። እኔን ሲሰሙ አንብቢ አላሉኝም፤ አታንብቢም አላሉኝም።

"የነገው ስብሰባ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ የሚበላ ነው የሚመስለው" አሉ ብቻ። "ጣሳዬን ከረጢቱ ውስጥ አስገቢልኝ።"

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከበላዩ "ስበትን ያሸነፈው ሶሻሊዝም ይለምልም!" የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጓድ አያሌው ስሜን ጠርቶ አስጨበጨበልኝ። ደብዳቤዬ ከኮቱ የደረት ኪስ ብቅ ብላለች፤ ማኅተሟ ሳይቀር ይታየኛል። ወጥቼ ማንበብ ጀመርሁ። ድምፄ ጥሩ ነበር። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ቆምሁ።

"ቀጥይ እንጂ" አለኝ ጓድ አያሌው በሹክሹክታ።

"ይህችን አላነብም።"

"ምን አልሽ?"

"ይህችን መስመር አላነብም። ትክክል አይደለችም። ጠፈር ላይም ስበት አለ።"

ከኋላ ሲያስል የነበረ ሰው ሳሉን ዋጠው። ጓድ አያሌው ልጅን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ አለ።

"ጓድ ሁሪያ፣ ጠፈርተኞቹ ሲንሳፈፉ ፎቶግራፍ አላየሽም?"

"አይቻለሁ። የሚንሳፈፉት ስለሚወድቁ ነው።"

"የሚወድቅ ነገር ይንሳፈፋል?" ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ትምህርት ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ እያያችሁ ነው?"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ንዴቴ ፍርሃቴን የቀደመው ያኔ ነው።

"አሳያለሁ" አልሁ። "አባዬ፣ ጣሳውን ያቀብሉኝ!"

ጣሳው ከበሩ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ መጣ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቴ ለተሰብሳቢው ከተቀመጠው እንስራ ውሃ ቀድተው ሞሉልኝ። ጠረጴዛው ላይ ወጣሁ። ጣሳውን ወደ ላይ ይዤ ስንጥሯን ነቀልሁ፤ ውሃው እየፈሰሰ ወለሉን መታ።

"እዩ፣ ይፈሳል። አሁን እለቀዋለሁ። እኔን አትዩ፤ ቀዳዳውን እዩ።"

ለቀቅሁት። ጣሳው ወለሉ ላይ ተንኳኳ፤ ፊት የነበሩት ተረጩ።

"ቆመ!" አለ አንዱ።

"የምን መቆም! ፈሷል!" አለ ሌላው።

"ድገሚው!"

ደገምሁት። ሦስተኛው ላይ ግማሹ ሰው ወንበር ላይ ቆሟል፤ የማያዩት የሚያዩትን ይጎትታሉ።

"ቀዳዳውን በጣቷ ደፍናው ነው" አለ ጓድ አያሌው።

"እንግዲያው አንተ ጣለው" አልሁት። አንተ ማለቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

እምቢ ቢል ፈራ ይባላል። ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ክንዱን ሲያነሳ ውሃው በእጅጌው ገብቶ እስከ ብብቱ ወረደ። ለቀቀው። ከላይ ለቆመ ሰው የጣሳው ቂጥ አይታይም፤ ስለዚህ ምስኪኑ ሕዝቡን መጠየቅ ግድ ሆነበት።

"ፈሰሰ?"

"አልፈሰሰም!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ለመፈክር እንኳ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

ጓድ አያሌው ወርዶ እጅጌውን ጨመቀ። ግን ተንኮል አላጣም።

"እሺ፣ ይውደቁ እንበል። ከወደቁ ለምን መሬት አይደርሱም? ጣሳሽ ዓይን ሳይጨፈን መሬት ደርሷል። እነሱ ቀንና ሌሊት ሲዞሩ ይከርማሉ። ንገሪና!"

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን የመጣልኝ እንደተማርሁት ነው። ስለ ፍጥነት ካሬ፣ ስለ ራዲየስ መቀባጠር ጀመርሁ። ወንበር ላይ የቆሙት አንድ በአንድ ሲቀመጡ ይታየኛል። ጓድ አያሌው እጁን አጣጥፎ ፈገግ አለ። አበቃ፣ አለቀልኝ አልሁ በልቤ።

"እኔ ልናገር" አለ ከበሩ አጠገብ አንድ ድምፅ።

አባቴ ናቸው። ቆመዋል። ወንጭፋቸው እንደ ወትሮው ወገባቸው ላይ ታስሯል።

"አያ አብዱሰመድ፣ ይቀመጡ" አለ ጓድ አያሌው።

"ተቀምጬ ነው የኖርሁት" አሉ አባቴ። "እኔ ምድር ዝርግ ትሁን ክብ ዞሬ አላየኋትም። ክብ ናት ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ፤ በመሠረተ ትምህርት። ካልሆነች አሁኑኑ ንገሩኝና ልቀመጥ።"

"ክብ ናት" አለ ጓድ አያሌው። ሌላ ምን ይበል?

"ደግ። እኔ የማውቀው ወንጭፍ ነው። ከማማዬ ላይ ሆኜ ድንጋዩን ላላ አድርጌ ስለቀው እዚያው ማሳዬ ውስጥ ይወድቃል። ጠበቅ ሳደርገው የጎረቤቴ የወርቁ ማሳ ላይ ይወድቃል። ወርቁ እዚህ አለ፤ ስንቴ እንደተጣላን ይናገር።"

"አሥራ ሁለት ጊዜ!" አለ ወርቁ። ሳቅ ሆነ።

"ይኸው። ሁለቱም ድንጋይ ወድቋል፤ ልዩነቱ የክንድ ነው። ከእኔ የበረታ ክንድ ቢለቀው መርሳን አልፎ ይወድቃል። ከዚያ የበረታው ቢለቀው ባሕሩን አልፎ ይወድቃል። ከሁሉ የበረታው ቢለቀውስ? ድንጋዩ ይወርዳል፤ ምድሪቱ ግን እንደ ዱባ ጀርባ ከሥሩ ትጎብጥበታለች። እሱ ይወርዳል፣ እሷ ትጎብጣለች፤ እሱ ይወርዳል፣ እሷ ትጎብጣለች። መውደቁን መች ተወ? የሚያርፍበትን ነው ያጣው። እኔም ጎንበስ ካላልሁ ዞሮ መጥቶ የገዛ ማጅራቴን ይለኛል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ማሚቴ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። እኔ ፊዚክስን ዓመታት ስማር እንደዚያ ጥርት ብሎ ገብቶኝ አያውቅም።

አባቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "የሶቪየቶቹ ክንድ ትልቅ ነው፤ አልካድሁም። ስበት ግን እዚያም አለ። ልጄ ልክ ናት" አሉና ቆመው ቀሩ። አልተቀመጡም።

ጓድ አያሌው ደብዳቤዋን ከኪሱ አወጣ። ቀርቦኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

"አንዲት መስመር ናት፣ ሁሪያ። አንብቢና ውሰጂያት። ከዚህ በኋላ እኔም ላግዝሽ አልችልም።"

መሄድ እፈልግ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ማንም ቢጠይቀኝ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያች ወረቀት የፈለግሁት ነገር የለም። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ቴሌስኮፑን፣ መምህር ይርጋ በቃላቸው ብቻ ይነግሩን የነበረውን ቤተ ሙከራ ሁሉ በሐሳቤ አይቼው ነበር። ግን አባቴ ከጀብሪል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆመዋል። "ልጄ ልክ ናት" ብለዋል። እኔ አሁን ያቺን መስመር ካነበብሁ ውሸታሙ ማን ሊሆን ነው?

"ጠፈር ላይም ስበት አለ" አልሁ፤ በሹክሹክታ ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማ።

ደብዳቤዋን ቀደዳት። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት። ቁርጥራጮቹን ወደ ላይ በተናቸው፤ እየተገላበጡ፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ስለ እነዚያ ወረቀቶች ምን እንደተሰማኝ እንዳያዩብኝ ይሁን ከእልህ አላውቅም፤ አፌ ብቻውን ተናገረ።

"ወረቀትም ከድንጋይ እኩል ነው የሚወድቀው። ያዘገየው አየር ነው።"

"ስብሰባው ተበትኗል!" አለ ጓድ አያሌው።

ይይዙናል ብዬ ጠብቄ ነበር። እኛን ከያዘ የሳቀውን ሁሉ መያዝ ሊኖርበት ስለሆነ መሰለኝ፤ ተወን። ሰው ሲወጣ አባቴ ግን ወደ መድረኩ መጡ። ጎንበስ ብለው ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ለቅመው ከረጢታቸው ውስጥ፣ ከጣሳው አጠገብ አስገቡ። ማንም ምን ትሠራለህ አላላቸውም።

እስከ ግራና በእግራችን ሄድን። ማሳችን ጠርዝ ስንደርስ አባቴ ቆሙ። ማማው ከኅዳር ወዲህ ባዶውን ቆሟል።

"ቅድም ወረቀት ከድንጋይ እኩል ነው ያልሽው እውነት ነው ወይስ እልህ?"

"እውነት ነው፣ አባዬ። አየር እንዳይዘው ጭብጥ አድርገው ቢጥሉት እኩል ነው።"

ቁርጥራጮቹን አወጡና በሁለት እጃቸው ጨመቋቸው፤ ከከረጢቱ ክር መዝዘው አንድ ላይ ጠቀለሏቸው። ለውዝ የሚያህል ድብልብል ሆነ። ከመሬት ጠጠር አነሱና ማማው ላይ ወጡ። በአንድ እጃቸው ጠጠሩን፣ በሌላው ደብዳቤዬን ይዘው ዘረጉ።

"ቢስሚላህ" ብለው ሁለቱንም ለቀቁ።

ጧ አለ። አንድ ድምፅ ብቻ።

"ከዚህ አይታየኝም!" አሉ። "ጠጋ ብለሽ እዪ፤ እውነቱን ንገሪኝ!"

"ወላሂ እኩል ናቸው!"

"ከጓድ አያሌው ጋር ስለተጣላሽ ብቻ እኩል ናቸው አትዪኝ!"

"እኩል ናቸው፣ አባዬ!"

"በይ መልሰሽ አቀብይኝ።"

አቀበልኋቸው። ጣሉት። እንደገና አቀበልኋቸው። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ያልመጣው ሁሉ አንድ ላይ መጣ። አባቴ ከላይ እየጣሉ፣ እኔ ከታች ጠጠሩንና ደብዳቤዬን ከአፈሩ እየለቀምሁ፣ እያለቀስሁ፣ በጣሉት ቁጥር እጮህላቸዋለሁ። "እኩል! አሁንም እኩል!"